በጃንግል ሸክላ ላይ የምትጣራው የግሼ እናት

ከአዲስ አበባ የወጣሁት ማክሰኞ ማለዳ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው። የጉዞዬ ዓላማ አንዲት ሴት መፈለግ ነበር። ስሟን አላውቅም፤ መልኳንም አይቼው አላውቅም። የማውቀው ድምፅዋን ብቻ ነው። እሱንም ቢሆን የሰው ቋንቋ መሆኑን ሳልረዳ ሃያ ዓመት ያህል ስሰማው ኖሬያለሁ።

እኔ በሙያዬ ድምፅ ማጉያ ጠጋኝ ነኝ። ከሥራ በተረፈኝ ጊዜ ድራም ኤንድ ቤዝና ጃንግል ስለሚባሉት ሙዚቃዎች በኢንተርኔት ሳምንታዊ ፕሮግራም አዘጋጃለሁ። ለማያውቃቸው፣ ሁለቱም እንግሊዝ አገር የተወለዱ የጭፈራ ሙዚቃዎች ናቸው። ከላይ ከበሮው እየተቆራረጠ ይሮጣል፤ ከሥር ደግሞ ወፍራም ቤዝ በዝግታ ይሄዳል። አዲስ የወጣውንም የቆየውንም እያሰማሁ አስተያየቴን እሰጣለሁ። አድማጮቼ ጥቂት ናቸው፤ ግን ጆሮ አላቸው።

ከቆዩት ሁሉ አብልጬ የምወደው አንድ የጃንግል ሸክላ አለኝ። መሐሉ ላይ ከበሮው ለአፍታ ጋብ ይልና አንድ እንደ ወፍ የቀጠነ ድምፅ «ስካሌ፣ ስካሌ» ይላል። ከዚያ ከበሮው እንደገና ይፈነዳል። ድምፁ በማሽን ስለተፋጠነ ትርጉም ያለው አይመስልም። እኔም በፕሮግራሜ ላይ «ያቺ የወፍ ድምፅ» እያልኩ ስንት ጊዜ አሞግሼዋለሁ።

ይኸው ሸክላ ሰሞኑን እንደገና መታተሙን ሰማሁና በሰው አስመጣሁት። ከነባሮቹ ሙዚቃዎች በተጨማሪ አንድ አዲስ ቅንብር ተጨምሮበታል፤ ያቀናበረው ሰው ወደ መጀመሪያው የካሴት ቅጂ ተመልሶ ድምፁን ሳያፋጥን ነው ያስገባው። ሱቄ ውስጥ አንድ ማጉያ እየበየድኩ መርፌውን አስቀመጥኩት። መጀመሪያ ነፋስ ተሰማ። ቀጥሎ የደከመ፣ ወፍራም የሴት ድምፅ መጣ።

«አስካለ! አስካለ ሆይ! ነይ ልጄ፣ ሠርጉን አፍርሰነዋል!»

የብየዳ ብረቱ ከእጄ ወድቆ ሱሪዬን አቃጠለው። እንግሊዞች ሲጨፍሩበት የኖሩት፣ እኔም «ወፍ» ያልኩት ድምፅ የአገሬ ሴት ኖሯል። ልጇን እየተጣራች ነው።

የሸክላውን ጀርባ ሳገላብጥ «ድምፅ፦ ያልታወቀች ሴት፣ ራቤል፣ ኢትዮጵያ» የሚል አገኘሁ፤ ራቤል ከመንዝ ወዲያ ያለች የግሼ ከተማ ናት። አብሮት ባለው ወረቀት ላይ፣ የወፎችና የቀይ ቀበሮ ድምፅ ሊቀዳ ወደ ተራራው የወጣ አንድ ፈረንጅ ከገደል ማዶ፣ ከሩቅ በሚስብ ማይክሮፎን በአጋጣሚ የቀዳው መሆኑ ተጽፏል። ለአሳታሚዎቹ ጻፍኩላቸው። «ካገኘሃት ስሟንና ፈቃዷን እንፈልጋለን» ብለው መለሱ። መንገዱ ሰላም ነው እስኪባል ሁለት ሳምንት ጠበቅሁና ተነሣሁ።

ማክሰኞ፤ በደብረ ብርሃን ወደ መሐል ሜዳ

ደብረ ብርሃን ስንደርስ ብርዱ እጅ ያደነዝዝ ነበር። አንድ ትኩስ ፍርፍር በልቼ የመሐል ሜዳ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። ጣርማ በር ላይ ጉም ዋጠን፤ ሹፌሩ መብራት አብርቶ ወደ ግራ ታጠፈና ወደ መንዝ አቀናን። ከዚያ በኋላ ያለው አገር ሰፊ ነው። የገብስ ማሳ፣ የድንጋይ ካብ፣ የድንጋይ ቤት፣ ጥቁርና ነጭ በግ፣ ከዚያ እንደገና የገብስ ማሳ። ሰማዩ ራስ ላይ ሊወድቅ የደረሰ ይመስላል።

ሹፌሩ ስለ ሥራዬ ጠይቆኝ ስነግረው «እስቲ እንስማው» አለና ፍላሼን ሰካው። አዲስ ከወጡት አንዱን ከፈትኩለት። ቤዙ ሲገባ የመስኮቱ መስታወት ተንቀጠቀጠ። ከኋላዬ ጫጩት በቅርጫት ይዘው የተቀመጡ እናት ብድግ አሉ።

«አቁም! አቁም አንተ ልጅ! መኪናው ሊፈርስ ነው!»

«ዘፈን ነው፣ እማማ።»

«ምኑ ነው ዘፈኑ? ሞተሩ ነው'ንጂ የሚንኳኳው!»

መኪናው በሙሉ ሳቀ። ሹፌሩ ፍላሼን ነቅሎ መለሰልኝ። «ፍሬኔን እንዳልሰማ ያደርገኛል» አለ፤ እውነቱን ነው።

መሐል ሜዳ አልጋ በአራት መቶ ብር ይዤ፣ የበግ ጥብስ በገብስ እንጀራ በላሁ። የአልጋው ባለቤት ሁለት ወፍራም የሱፍ ባና ደረበችልኝ። ሁለቱንም ለብሼ ጥርሴ ሲንገጫገጭ አደርኩ።

ረቡዕ፤ ራቤል

ወደ ራቤል የሚወስደው መንገድ ጓሳ የሚባለውን የደጋ ሣር እየሰነጠቀ ያልፋል። ጅባራ የሚባለው ረጅም የደጋ ተክል በየቦታው እንደ ሰው ቆሟል። ጭላዳ ዝንጀሮዎች መንገድ ዳር ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ፤ ለመኪናችን ቀና እንኳ አላሉም። ራቤል ስደርስ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር።

ከአንድ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ነገሩን ሳስረዳ፣ ሰዎቹ ተማክረው ወደ መሪጌታ ጥበቡ መሩኝ። የሰማንያ ዓመት አዛውንት ናቸው፤ ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል። «ዓይናቸው ባያይም የሰማ ጆሯቸው አይረሳም» አሉኝ። ከቤታቸው ደጅ ፀሐይ እየሞቁ አገኘኋቸውና እጃቸውን ተሳልሜ ተቀመጥኩ።

«መሪጌታ፣ ድምፅ ላሰማዎት ነው የመጣሁት። ግን ከበሮ አለበት፤ የዓለም ከበሮ ነው፤ እንዳይቀየሙኝ።»

«ከበሮ ስመታ ነው ያረጀሁት። አሰማኝ።»

ትንሿን ማጉያዬን ድንጋይ ላይ አስቀምጬ አሮጌውን ቅንብር ከፈትኩት። መሪጌታ አንገታቸውን ሰበር አድርገው አዳመጡ። በመቋሚያቸው መሬቱን በዝግታ ይመቱ ጀመር፤ ቀጥለው በሌላ እጃቸው ጣት ጉልበታቸውን በፍጥነት ይመቱ ያዙ።

«ከላይ ጽፋት ነው» አሉ፤ ጽፋት በማኅሌት ከበሮና ጭብጨባ የሚፈጥንበት ነው። «ከሥር ግን መረግድ ነው፤ ዝግታው አልቀረም። እኛ አንዱን ጨርሰን ነው ሌላውን የምንገባ። እነዚህ ሁለቱን ባንድ ጊዜ! ማን አስተማራቸው?»

እኔ ለአድማጮቼ ለማስረዳት ዓመታት የፈጀብኝን ነገር፣ እሳቸው ሦስት ደቂቃ ሳይሞላ ነገሩኝ።

ቀጥዬ አዲሱን ቅንብር ከፈትኩ። ነፋሱ ተሰማ። «አስካለ! አስካለ ሆይ!» ስትል መሪጌታ መቋሚያቸውን ተመርኩዘው ብድግ አሉ። ፊታቸው አመድ መሰለ። አማተቡ።

«በስመ አብ! ዘነበች ናት! የዘነበች ድምፅ ነው!»

«በሕይወት አሉ?» አልኳቸው።

«ምን በሕይወት! ፍትሐቷን የፈታሁ እኔ ነኝ። ዓመታት አለፏት።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ የሞተ ሰው ድምፅ በከረጢት ይዘህ ነው እንዴ አገር ለአገር የምትዞረው?»

ማጉያውን አጠፋሁት።

መሪጌታ ቀስ ብለው ተቀመጡና ታሪኩን ነገሩኝ። ወይዘሮ ዘነበች፣ አስካለ የምትባል የዐሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበረቻቸው። አባቷ ሊድሯት ቀን ቆርጠው ድግሱ ተጠንስሶ ሳለ፣ ልጅቱ አንድ ማለዳ ጠፋች። እናቷ «ልጄን ከማጣ ሠርጉ ይቅር» ብለው ከባላቸው ተጣሉ። ሽማግሌ ልከው ጥሎሹን ለወንዱ ወገን መለሱና ገደል አፋፍ ወጥተው ሦስት ቀን ተጣሩ።

«እኛም ከቤተ ክርስቲያኑ ሆነን እንሰማት ነበር» አሉ መሪጌታ። «ልጅቱ ግን አልመጣችም። ሰምታ ጨከነች አልን። እናቷም ‹ሠርጉ ፈርሷል ብያት ናቀችኝ› እያለች ነው የሞተችው።»

ከጎናችን አንድ ጎልማሳ ቆሞ ያዳምጥ ኖሯል። የአስካለ ታናሽ ወንድም ሞገስ ነው፤ ሰው ጠርቶት መምጣቱ ነበር። ድምፁን እንዲሰማ ስጋብዘው እጁን አወዛወዘ።

«እናቴን መስማት እፈልግ ነበር። ያቺን ስትጠራ ግን አልሰማም። እኔ ቤት ውስጥ ሆኜ ‹አቤት› ስላት እንኳ ዞር ብላ አታየኝም ነበር።» ይህን ብሎ ፊቱን አዙሮ ሄደ።

መሪጌታ ሲሸኙኝ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አንድ የመርሐቤቴ ነጋዴ ዓለም ከተማ ጌሾ ስትሸጥ አየኋት ብሎ ነበር። እናቷ ከሞተች በኋላ ነው ወሬው የመጣው። ሄዶ የጠየቃት የለም።»

ሐሙስና ዓርብ፤ ዞሮ ወደ መርሐቤቴ

ሐሙስ በመጣሁበት ተመልሼ አዲስ አበባ ገባሁ። ዓርብ ጠዋት በሙከጡሪ በኩል ወደ ዓለም ከተማ የሚሄድ አውቶቡስ ያዝኩ። ከለሚ በኋላ መንገዱ ወደ ጀማ ገደል ይወርዳል። መንዝ ላይ የደረብኩትን ሹራብ ማውለቅ ጀመርኩ፤ ወንዙ ዘንድ ስንደርስ በሸሚዝ ቀርቼ ላቤ ይንጠፈጠፋል። ማሽላው ጭንቅላቱን ደፍቷል። ድልድዩን ተሻግረን ደግሞ እየተጠማዘዝን አቀበቱን ወጣን። አንድ ጎማ ፈነዳና እስኪቀየር ጥላ ሥር ቆየን።

መንገዱን ሙሉ የማስበው ስለ ልጅቱ ነበር። እውነቱን ለመናገር ተቀይሜባት ነበር። እናት ሦስት ቀን ገደል ላይ ቆማ ስትለምን ሰምቶ ዝም ማለት ምን ዓይነት ልብ ይጠይቃል? የምላትን በልቤ አሰናዳሁ። «እናትሽ ሳታይሽ ሞተች» ብዬ እንደምጀምር ወሰንኩ። እንዲህ ያለ ነገር ለማላውቃት ሴት ልናገር መነሣቴ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ቅዳሜ፤ ዓለም ከተማ

የገበያ ቀን ነበር። ጌሾና ብቅል ተራ ገብቼ «ግሼ ተወልደው ያደጉ ወይዘሮ አስካለ» ስል፣ ሴቶቹ ወደ ጥጉ ጠቆሙኝ። አርባ አምስት ዓመት ገደማ የሆናቸው፣ ነጠላቸውን አጥብቀው ያደገደጉ ሴት ከጌሾ ክምር ኋላ ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ከራቤል ነው የመጣሁት» አልኳቸው።

እጃቸው ላይ የነበረው የብቅል ጣሳ ተደፋ። «ደግሞ ማን ሞተ? የእማዬን መርዶ ከነጋዴ ሰምቻለሁ» አሉ።

የተሰናዳሁበት ንግግር ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ማንም እንዳልሞተ፣ ስለ አንድ ድምፅ እንደመጣሁ ተንተባተብኩ። ዕቃቸውን ለጎረቤት አደራ ሰጥተው፣ ከገበያው ጀርባ ወዳለው ግቢያቸው ወሰዱኝ። ባላቸው ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ሞተዋል። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት።

እንደ ልማዴ ነባሩን አስቀደምኩ። ከበሮው ሲጀምር ግራ ተጋብተው አዩኝ። «ስካሌ፣ ስካሌ» ስትል ግን ወንበሩን ጨብጠው ያዙ። ያን የተፋጠነ፣ የተቆራረጠ ድምፅ እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ ያላወቅሁትን፣ እሳቸው በመጀመሪያው ጊዜ ለዩት።

«እማዬ ናት» አሉ በሹክሹክታ። «እንዴት አገኛችኋት? ያን ቀን ማን ነበረ እዚያ?»

የማውቀውን ነገርኳቸው። ከዚያ ሳልጠይቃቸው ማውራት ጀመሩ።

«ከገደሉ ማዶ ዋሻ ደፍ ላይ ተኝቼ ነበር። ሦስት ቀን በሶ እየቃምኩ። ነፋሱ ሲመጣ ስሜን ያመጣዋል፤ የቀረውን ይዞት ይሄዳል። ‹አስካለ! አስካለ ሆይ!› ከዚያ በኋላ ምንም። ልትድረኝ ነው የምትጠራኝ አልኩ። ጆሮዬን በነጠላዬ ጠቀጠቅሁት። በአራተኛው ቀን ከጨው ነጋዴዎች ጋር ወረድኩ።»

አልሰሙም። አገሩ ሁሉ ጨካኝ ያላቸው፣ እኔም መንገድ ላይ የፈረድኩባቸው ሴት የሰሙት ስማቸውን ብቻ ነው። እንደ ሸክላው። ያኔ የመጀመሪያው ሸክላ የቆረጠው ቃል፣ ነፋስ አስቀድሞ የቆረጠው ቃል ነበር። የቀረው ዐረፍተ ነገር እኔ እጅ ላይ ነው።

ላሰማቸው ወይስ ልተወው? ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ «ሠርጉ ፈርሶ ነበር» ብሎ ለሰው መንገር ምን ይጠቅማል? ማጉያዬን መሰብሰብ ጀመርኩ።

«ሌላ አለ» አሉ።

«የለም፣ እትዬ።»

«ፊትህ ሌላ ሆነ'ኮ። ጌሾ ስሸጥ የሰው ፊት ሳነብ ነው የኖርኩ። አሰማኝ።»

«ያሳዝንዎታል።»

«እስከዛሬ ደስ ብሎኝ የኖርኩ መሰለህ?»

አዲሱን ቅንብር ከፈትኩ። ነፋሱ መጣ፤ ያ የገደሉ ነፋስ። «አስካለ! አስካለ ሆይ!» እትዬ አስካለ ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ነይ ልጄ፣ ሠርጉን አፍርሰነዋል!»

ከበሮው ከመግባቱ በፊት አጠፋሁት። ፊታቸውን ለማየት ፈራሁ።

«ድገመው» አሉ።

ደገምኩት።

«አንዴ ብቻ ድገመው።»

ለሦስተኛ ጊዜ «አስካለ ሆይ!» ስትል፣ እትዬ አስካለ ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ እንደ ጥሩምባ አድርገው፣ በሙሉ ኃይላቸው ጮኹ።

«አቤት! አቤት እማዬ!»

ጎረቤቶች አጥር ላይ ብቅ አሉ። አንዲት ሴት «ምን ሆንሽ አስካለ?» እያለች ሮጣ ገባች። እሳቸው መሬት ላይ ተቀምጠው ነበር፤ እያለቀሱ ግን አልነበረም። ከሩቅ አገር ሮጦ እንደ ደረሰ ሰው ቁና ቁና ይተነፍሱ ነበር። እኔ ነኝ ግድግዳውን ተደግፌ ያለቀስኩት።

ከቆይታ በኋላ ውሃ ጠጥተው ወደ ራሳቸው ተመለሱ።

«ሰው በዚህ ይጨፍራል አልከኝ?»

«አዎ።»

«እናቴ እየተጣራች?»

«ምን እንደምትል አያውቁም።»

«አያውቁማ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ይጨፍሩ፤ ጭፈራ ኃጢአት አይደለም። ግን ስሟን ይጻፉ፤ ዘነበች ናት። ደግሞ ንገራቸው፤ ቃሏን አይቁረጡት። ከዚህ በኋላ ሙሉውን ትናገር።»

እዚያው ሆኜ ለመሪጌታ ጥበቡ በጎረቤታቸው ስልክ ደወልኩና የሰማሁትን ነገርኳቸው። ሲመልሱልኝ ድምፃቸው የሌላ ሰው ነበር። «አልሰማችም? ስሟን ብቻ?» አሉ። «ይቅር ይበለን። ሁላችንንም ይቅር ይበለን። ለሞገስ እኔ ራሴ እነግረዋለሁ።»

እሑድ፤ ቤት

አዲስ አበባ የገባሁት እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። የወይዘሮ ዘነበችን ስምና የልጃቸውን ቃል ለአሳታሚዎቹ ጻፍኩላቸው። የዚያን ሳምንት ፕሮግራሜን ማዘጋጀት አቃተኝ። ሸክላዎቼን አንድ በአንድ እያወጣሁ፣ ስንቱ ውስጥ የሰው ድምፅ ተቆርጦ እንደገባ አየሁ። እዚህ አንድ ጩኸት፣ እዚያ አንድ ሳቅ፣ ሌላው ላይ አንድ ቃል። ሁሉንም «ቅመም» ስል ነበር የኖርኩት። አሁንም ድራም ኤንድ ቤዝ እወዳለሁ፤ አዲስ ሲወጣ ቀድሜ የማዳምጠው እኔ ነኝ። ነገር ግን ድምፅ ሲገባ ከጭፈራው በፊት «ይህ ሰው ምን እያለ ነው?» ማለት ለምጃለሁ። ስለ ሰውም ቢሆን፣ ሰምቶ ጨከነ ከማለቴ በፊት ምን ያህሉን እንደሰማ መጠየቅ እንዳለብኝ የተማርኩት በዚህ ጉዞ ነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ በማላውቀው ቁጥር ስልክ ተደወለ። የሰው ድምፅ፣ የመኪና ጥሩምባ፣ ነፋስ ይሰማል። እትዬ አስካለ ናቸው። ራቤል መኪና ማቆሚያው ላይ ቆመዋል፤ ሞገስ ሻንጣቸውን ይዞላቸዋል።

«ደረስኩ'ኮ» አሉኝ፤ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። «ትናንት ጠዋት ተነሥቼ ይኸው ዛሬ ደረስኩ። አንተዬ፣ ሁለት ቀን ብቻ ነው ለካ መንገዱ!»